ጓንት መጨረሻ ነው

(ቴክሳስ፣ ካሮልተን ከተማ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት። እንየው ሳሎኑ መሃል ቆሟል። ከልኩ በላይ የሆነ ካፖርት ደርቧል፤ በሁለት እጁ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ዚፕ ለመያዝ ይታገላል። መኳንንት ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ይመራዋል።)

መኳንንት፦ ጓንት መጀመሪያ ነው አልኩህ። አለቀ።

እንየው፦ ጋሼ፣ ጓንቱን ካጠለቅሁ ዚፑ አይያዝልኝም እኮ።

መኳንንት፦ አላወቅህበትማ። የፈረንሳይ አለባበስ ሥርዓት አለው። ጓንት፣ ከዚያ ኮፍያ፣ ከዚያ ካፖርት። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ግቢ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፈረንሳዮቹ ጠዋት ለሥራ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያጠልቁት ጓንታቸውን ነበር።

እንየው፦ (ቆየት ብሎ) ድሬዳዋ ይበርዳል እንዴ?

መኳንንት፦ ብርድ የለም። ሥርዓት ግን አለ።

እንየው፦ ታዲያ ካፖርት ይለብሱ ነበር?

መኳንንት፦ ምን በወጣቸው። በዚያ ሙቀት ማን ካፖርት ይለብሳል?

እንየው፦ (በጣም ቆይቶ) እሺ።

መኳንንትን ሁልጊዜ የሚያበግነው ይህ «እሺ» ነው። እንየው የሚስቱ የዓለምጌጥ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዲቪ ደርሶት ከጎጃም ከመጣ ሰባት ወሩ። በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ አንድ ጥያቄ ወዲያው ሲመልስ ያየው ሰው የለም። የቤት ቁልፍ ይዘሃል ወይ ተብሎ አርሊንግተን ላይ ቢጠየቅ፣ አዎ የሚለው ካሮልተን በሩ ላይ ሲደርሱ ነው። ሌሊት ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ይደረድራል፣ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ የእህቱን ልጅ ሶልያናን ከስኩል ባስ ይቀበላል። መኳንንት ለሥራ ጓደኞቹ ስለ እሱ ሲያወራ «ልቡ ደግ ነው» ይላል። ስለ ጭንቅላቱ ግን አያነሳም።

መኳንንት ራሱ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። ኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ተሳፋሪው የሚሄድበትን ሳይነግረው የትኛው ተርሚናል እንደሚሻለው ይመክረዋል። ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በፈረንሳይኛው ነው። ልጁ ሶልያና ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፈርስት ግሬድ። ሂሳቡም፣ መዝሙሩም፣ ሽንት ቤት ልሂድ ማለቱም ሁሉ በፈረንሳይኛ በሚካሄድበት ክፍል የገባችው በዕጣ ነው፤ አመልካቹ ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት ነበርና። «እኛ ቤት ሁለት ዕጣ ወጥቷል» እያለ ቸርች ላይ ያወራል። «አንዱ እንየው ነው። ሌላው ግን ቁም ነገር ነው።» ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ ፈረንሳይኛ ታወራለች ብሎም አስወርቷል።

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ የመጣው ሰኞ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ፌሽታ ነበር። ቴክሳስ በረዶ እስኪጥል ማን ይጠብቃል ብላ፣ አስተማሪዋ ማዳም ቬሮኒክ ዊንተርን ክፍሏ ድረስ ልታመጣው ነው። ዓርብ ጠዋት ወላጅ ይምጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የአዋቂ ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ኮፍያ፣ ስካርፍና ጓንት ይዞ ይምጣ፤ ልጆቹ በፈረንሳይኛ እያዘዙ አንድ ትልቅ ሰው ያለብሳሉ። ለበረዶ ውርወራም ነጭ ካልሲ ተድቦልቡሎ ይምጣ።

ሁለተኛው ገጽ በእጅ የተጻፈ ነው። ሶልያና ከኦገስት ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል ጮክ ብላ አልተናገረችም። ሁሉ ይገባታል፣ ጽሕፈቷ ያምራል፤ ስትጠየቅ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም ነው። የዓርቡ ጨዋታ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካልተናገረች ሰኞ ስብሰባ ተቀምጠው ወንበሯን ለሌላ ልጅ ይሰጣሉ።

ዓለምጌጥ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊቶች ስታጥብ ስታለቅስ ዋለች። መኳንንት አላለቀሰም፤ እህል ግን አልዋጥልህ አለው። ልጅቷ ያንን ክፍል እንዴት እንደምትወደው ያውቃል፤ ቅዳሜ እንኳ ቦርሳዋን አንግታ ነው ቤት ውስጥ የምትዞረው። ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። ሥነ ሥርዓት እንዳይባል፣ በየጠዋቱ የሚመክራት እሱ ራሱ ነው። መምህር ፊት አንገትሽን ድፊ፣ ሳይፈቅዱልሽ አትናገሪ፣ ዓይን ዓይናቸውን አትዪ ይላታል። እሷም አንድ ቀን ሳታጓድል ትፈጽማለች። ታዲያ ምን ጎደለ?

የሚለብሰው ሰው እንየው ይሁን ያለችው ሶልያና ናት። መኳንንት ቅር አለው። ቢሆንም አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ እሄዳለሁ አለ፤ እንየውንም የፈረንሳይ አለባበስ ሊያሠለጥነው ተነሣ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ያ ዚፕ ገና አልተያዘም ነበር።

(ዓርብ ጠዋት። የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ። ወሩ ጃንዋሪ ነው፤ ግን የቴክሳስ ጃንዋሪ ስለሆነ ሙቀቱ ሰባ አምስት ዲግሪ ፋራናይት ገብቷል። እንየው ልብሱን በላውንደሪ ከረጢት ተሸክሟል። መኳንንት ለክብር ሲል የራሱን ካፖርት ከነከረቫቱ ለብሶ ላቡን ይጠርጋል።)

መኳንንት፦ ስማኝ። ከክፍሉ በር ወዲያ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለወላጅም ክልክል ነው። ሶ፣ አንተ ምንም አትናገርም። ማለቴ፣ ምንም።

እንየው፦ ሰላምታስ?

መኳንንት፦ ለሁለታችንም እኔ እሰጣለሁ።

እንየው፦ አንድ ነገር ቢጠይቁኝስ?

መኳንንት፦ ወደ እኔ ዞር ትላለህ።

እንየው፦ (አስቦ አስቦ) እርስዎን ቢጠይቁዎትስ?

መኳንንት፦ እኔን ምን ያደርጉኛል? ፈረንሳይኛ መሃል የተወለድኩ ሰው ነኝ።

እንየው፦ እህቴ ጅጅጋ ነው የተወለደው ስትል ሰምቻት ነበር።

መኳንንት፦ ከረጢቱን ቀና አድርገህ ያዝ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የመኳንንት ፈረንሳይኛ ሰላምታ፣ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠርና ትርጉሙን እሱም የማያውቀው አንድ ስድብ ነው። ሰላምታው ላይ ግን አይታማም። ክፍሉ በር ላይ ማዳም ቬሮኒክን እንዳየ ጎንበስ ብሎ «ቦንዡር፣ ማዳም» አላት፤ አፉን ሞልቶ፣ «ር»ዋን ከጉሮሮው ቆፍሮ አውጥቶ። የማዳም ፊት በራ። ስንት ወር ሙሉ ከወላጅ ጋር በእጅ ምልክት ስትግባባ የከረመች ሴት፣ በመጨረሻ ሰው አገኘሁ ብላ ፈረንሳይኛውን ለቀቀችው።

መኳንንት አንዱንም አልያዘም። «ዊ» አላት፤ አዎ ማለቱ ነው። ጥግ ላይ ወደተከመረ ነገር እያመለከተች ሌላ ጠየቀችው። «ዊ» አለ። ዓይኗን አፍጥጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው። ይህችማ ምስጋና መሆን አለባት ብሎ «ዊ፣ ዊ» አላት፣ እጅ ነስቶ። ማዳም አጨበጨበች። ሃያ ልጅ እየጮኸ ወደ ጥጉ ሮጠና፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት ይዞ መኳንንትን ከበበው።

መኳንንት፦ (በሹክሹክታ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ) ምን እያደረጉኝ ነው?

እንየው፦ (በሹክሹክታ) እሺ ስላሏት መሰለኝ።

መኳንንት፦ ምኑን ነው እሺ ያልኳት?

እንየው፦ (አስቦ) አስተርጓሚው እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ወረቀቱ ከቁርጭምጭሚቱ ጀመረ። ጉልበቱን አለፈ፣ ሆዱን ዞረ፣ እጆቹን ከጎኑ ጋር አብሮ ጠቀለለ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ ከአንገቱ በላይ ያለውን ሥራ ተረከበች፤ አፉን ሁለት ዙር አስረችው፣ ለዓይኑ ቀዳዳ ተወችለት፣ ከካርቶን የተቆረጠ ካሮት አፍንጫው ላይ በላስቲክ አሰረች። ማዳም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስጠነቀቀችው። የበረዶ ሰው አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። መኳንንት በወረቀቱ ውስጥ፣ በካፖርቱ ውስጥ፣ በከረቫቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። በረዶው ከውስጥ በኩል መቅለጥ ጀምሯል።

ከዚያ ክፍሉ አበደ። አንድ ረጅም ሰውዬ በካውቦይ ቦቱ ላይ ሌላ ቦት እንዲያጠልቅ ታዝዞ በአንድ እግሩ ሲዘል የቀለም ማሰሮ ገለበጠ። አንዲት እናት ሦስት ኮፍያ ደርባ አራተኛ ይመጣላታል። ልጆቹ «ማንቶ» ብለው ካፖርት፣ «ቦት» ብለው ጫማ እያዘዙ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላሉ። መኳንንት እንኳ ወረቀቱ ውስጥ ሆኖ ሳቁ መጣበት። የሶልያና ተራ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው።

ልጅቷ መሃል ወጥታ እንየው ፊት ቆመች። ልብሱ እግሯ ሥር ተከምሯል። ማዳም ተንበርክካ በለሆሳስ ጀምሪ አለቻት። ሶልያና እጆቿን አጣምራ አንገቷን ደፋች። ማዳም እንደገና ለመነቻት። ምንም የለም። ቀና ሳትል ዓይኗን ብቻ ሰርቃ ወደ በረዶው ሰውዬ አየች።

መኳንንት በቀዳዳዋ በኩል አያት። ልጅቷ አልፈራችም፣ አልጠፋትምም። ፈቃድ እየጠበቀች ነው። ከኦገስት ጀምሮ እሱ እንዳላት አድርጋ ቆማለች፤ ተናገሪ የሚላት አባቷን እየጠበቀች። እኔ ነኝ ለካ አፏን የዘጋሁት አለ በሆዱ። ተናገሪ ልጄ ሊላት አፉን ቢከፍት ወረቀት ገባበት። አንገቱን ሊነቀንቅላት ሞከረ፤ ካሮቱ ብቻ ተወዛወዘና ልጆቹ በሳቅ አለቁ። ሶልያና መልሳ አቀረቀረች።

በዚህ መሃል እንየው ጎንበስ አለ። ከክምሩ ውስጥ ጓንቱን አነሣና በሁለቱም እጁ አጠለቀ። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዚፑን ሊይዝ ታገለ። አልተያዘም። ተወውና ቀኝ ቦቱን በግራ እግሩ አስገባ። ስካርፉን አነሣ፣ ገለባብጦ አየው፣ ጉልበቱ ላይ አሰረው። ኮፍያውን ክርኑ ላይ ደፋው። የአህዛብ መቀለጃ አደረገኝ አለ መኳንንት በሆዱ። የሶልያና ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንየው አሁንም በጓንቱ ዚፑን ፈልጎ ሲያጣ፣ ልጅቷ ቀና አለች።

ሶልያና፦ ኖን፣ እንየው። ኖን፣ ኖን፣ ኖን።

በአማርኛ «አጎቴ» የምትለውን ሰው በፈረንሳይኛ ስሙን ብቻ ጠራችው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛው እንደተከፈተ ቧንቧ ወረደ። ጓንቱን አውልቅ። ስካርፉን ፍታ፣ ጉልበት አንገት አይደለም። ቦቱን ቀይር፣ ይኼኛው እግር ግራ ነው። ካፖርት፣ ከዚያ ዚፑን ሳብ፣ እስከ ላይ ሳብ፣ ከዚያ ኮፍያ፣ ከዚያ ስካርፍ። ጣቷን እየነቀነቀች በዙሪያው ትዞራለች፣ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ እንደገና ትዞራለች። እንየው በሰባት ወር ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ይታዘዛል። በመጨረሻ ጓንቶቹን ራሷ አንሥታ ሰጠችው።

ሶልያና፦ ሌ ጋን፣ አ ላ ፋን።

ጓንት መጨረሻ ነው ማለቷ ነው፤ ይህንን መኳንንት እንኳ ገባው። ማዳም አፏን በእጇ ይዛ እንባዋን ታብሳለች። መኳንንት የበረዶ ሰው መሆኑን ረሳ። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብሎ ወረቀቱን በጥርሱ ቀደደ፣ በክንዱ በጠሰ፣ ጥቅሉን እየጎተተ ወደ መሃል ተንደረደረ። በረዶው ነፍስ ዘራ ብለው ልጆቹ ቤቱን በጩኸት አናጉት። ከዚያ ወደ አርባ የሚሆን የተድቦለቦለ ካልሲ ከአራቱም ማዕዘን ዘነበበት፤ አንዱ አፉ ውስጥ ቀረ።

ሲጨርሱ ማዳም ሦስቱንም ኮሪደር ላይ አወጣቻቸውና በእንግሊዝኛ አነጋገረቻቸው። የሰኞው ስብሰባ ቀርቷል፤ ወንበሩ የሶልያና ነው። አንድ ነገር ግን ማወቅ ትፈልጋለች። ልጅቷ እንዲህ የምትናገረው ቤት የሚያስተምራት ሰው ስላለ ነውና፣ አስተማሪው ማን ነው? መኳንንት ካልሲውን ኪሱ ከተተ፣ ከረቫቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሶልያና ግን ቀደመችው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ፣ ተማሪዬም እንየው ነው አለቻት፤ በየቀኑ፣ ከባስ እንደወረድን። ማዳም የእንየውን እጅ ይዛ በፈረንሳይኛ አመሰገነችው። እንየው በፈረንሳይኛ መለሰላት። ቀስ ብሎ፣ ግን መለሰላት። ከዚያ ሶልያና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

(መኪና ውስጥ። መኳንንት መሪውን ይዟል፤ ሞተሩን ግን አላስነሣም። ፀጉሩ ላይ የወረቀት ቅዳጅ አለ።)

መኳንንት፦ ቆይ እስኪ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታስተምርህ?

እንየው፦ ከሴፕቴምበር።

መኳንንት፦ ካፖርቱንም ተምረሃል?

እንየው፦ ካፖርቱን ኖቬምበር ላይ ጨርሰናል። አሁን ግሥ ላይ ነን።

መኳንንት፦ ማዳም በር ላይ ስትጠይቀኝ ገብቶህ ነበር ማለት ነው።

እንየው፦ የበረዶ ሰው ይሆኑልናል ወይ ነው ያለችው። ቀጥላ በዚህ ሁሉ ወረቀት ልንጠቀልልዎት ነው አለች። ሦስተኛው እርግጠኛ ነዎት ወይ፣ ይሞቅዎታል የሚል ነበር።

መኳንንት፦ ታዲያ ምነው አትነግረኝም ነበር?

እንየው፦ ምንም አትናገር ብለውኛላ።

መኳንንት፦ ይሁን። ጓንቱስ? መጨረሻ መሆኑን እያወቅህ ለምን መጀመሪያ አጠለቅኸው? እኔን ሰምተህ ነው?

እንየው ወደ መስኮቱ አየ። የትምህርት ቤቱን ባንዲራ አየ፣ ስኩል ባሶቹን ቆጠረ። መኳንንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ጠበቀው።

እንየው፦ ልጅቷ የሚያውቅ ሰው ፊት አትናገርም። ሞኝ ስታይ ግን አያስችላትም። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ሞኝ መሆን ነበረብን። እርስዎ ደግሞ በረዶ ሆነው ሥራ ይዘው ነበር።

መኳንንት መሪው ላይ ተደፋ። እንየው አስቀየምኳቸው ብሎ ደነገጠ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ መሆኑ ገባው። መኳንንት ሲስቅ እንባው መጣ፣ እንባውን ሲጠርግ እንደገና ሳቀ። ከዚያ እኔ እኮ ልጄን ዘግቼባት ነበር፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለው፤ ይህን ሲለው ፊቱን አላዞረም። እንየው እሺ አለ። ቤት ሲደርሱ መኳንንት ለአለቃው ደውሎ ሺፍቱን ለሌላ ሰው አስያዘ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ስኩል ባሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመው ሶልያናን ተቀበሏት። መኳንንት እዚያው ተንበረከከላት። ከእንግዲህ መምህርሽም ፊት ተናገሪ፣ እኔም ፊት ተናገሪ፣ ማንንም አታስፈቅጂ አላት። ኦኬ አለችውና ቦርሳዋን አሸከመችው።

(የሶልያና መኝታ ክፍል። ምንጣፉ ላይ አንዲት ትንሽ ወንበር አለች፤ እንየው ጉልበቱን አገጩ አጠገብ አድርጎ ተቀምጦባታል። ከኋላው አሻንጉሊቶች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ መጨረሻው ላይ አንድ ዓይኑ የጠፋ ድብ አለ። መኳንንት ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል።)

መኳንንት፦ እኔም ልመዝገብ?

ሶልያና፦ (ከላይ እስከ ታች አይታው) ኦኬ፣ ዳዲ። እዚያ ኋላ ቁጭ በል።

መኳንንት፦ ከድቡ አጠገብ?

ሶልያና፦ አዎ። ያልገባህን እሱን ጠይቀው።